መለኪያው ደኅና ነበር

የቅጣት ደብዳቤዬ ስምንት መስመር ነው፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። በመለኪያ መሣሪያ ብልሽትና በባለሙያዋ የጥንቃቄ ጉድለት የአንዲት ነፍሰ ጡር እናት የደም ግፊት በትክክል ሳይመዘገብ መቅረቱን፣ ባለሙያዋም ይህንኑ አምና መቀበሏን፣ በዚህም መሠረት በስምምነት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጣትና ለስድስት ወር ከእናቶች ክፍል ተነሥታ ካርድ ክፍል እንድትሠራ መወሰኑን ይናገራል። ከሥሩ ማኅተም አለ። የእኔም ፊርማ አለበት። ባልደረቦቼ ደብዳቤውን ባዩ ጊዜ “ተረፍሽ!” አሉኝ። ፍኖተ ሰላም ያለችው እናቴ ጧፍ ገዝታ ሄዳ ቤተ ክርስቲያን ሳመች።

ከስምንቱ መስመር የመጀመሪያው ውሸት ነው። መለኪያው አልተበላሸም ነበር። ባለፈው ዓመት ይህ ይታረም ብዬ ማመልከቻ አስገብቼ፣ የተዘጋ ፋይል ነው ተባልኩና ተመለስኩ። እንግዲያው እዚህ ልጻፈው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስንቷን እናት ስቆጣ ኖሬ፣ የራሴን ደብቄ መቀመጤ ያሳፍረኛል።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። የምሠራበት ጤና ጣቢያ ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው፤ ባጃጅ እስከ ድልድዩ ያደርሳል፣ ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ሰኞ ጠዋት ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ እመጣለሁ፣ ዓርብ ከሰዓት እመለሳለሁ። በዚያ አካባቢ የምታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በምላሴና በእጅ ጽሑፌ። ምላሴ ሰው ያስለቅሳል። ዘግይታ የመጣችውን፣ ካርዷን የጣለችውን፣ አምስት ወር ሞልቷት “አሁን ነው ያወቅሁት” የምትለውን፣ በሁሉም ላይ እጮኻለሁ። ለራሳቸው ብዬ ነው እል ነበር። “ሲስተር ቁጡ ናት፤ ግን ሥራዋን ታውቃለች” ይሉኛል። እኔም ይህን እንደ ምስጋና እቀበለው ነበር።

የእጅ ጽሑፌ ደግሞ መዝገቤን አስከበረልኝ። ለጉብኝት የሚመጡ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት የእኔን መዝገብ ነው፤ ሳጥኖቹ ሁሉ የሞሉ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት። አንዱ ጎብኚ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ “ሌሎቹ ከዚህ ይማሩ” ብሏል። የእኛን ሥራ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። መዝገብ ላይ ባዶ ሳጥን ከተገኘ ያስወቅሳል፣ በስብሰባ ላይ ስም ያስጠራል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር እውነት ይሁን አይሁን ግን የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ባዶ ሳጥን መተው ነውር፣ መሙላት ደግሞ ሥራ መስሎን ቀረ። ይህ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም የምጽፈው። ሳጥኑን የሞላሁት በእጄ ነው።

የገበያ ቀን ሲሆን እናቶች ገበያውንም ክትትሉንም በአንድ መንገድ ይጨርሳሉ፤ ሰልፉ ከክፍሌ በር እስከ አጥሩ ይደርሳል። የደም ግፊት መለኪያው ከወንበሬ ኋላ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። መነሣት አለ፣ ማውረድ አለ፣ የደረበችውን ነጠላና ሹራብ ማስወለቅ አለ፣ ጨርቁን ክንዷ ላይ መጠምጠም፣ መንፋት፣ ማዳመጥ አለ። መጀመሪያ የዘለልኳቸው ፊታቸው ወዝ ያለውን፣ ጠንካሮቹን ብቻ ነበር። ፊት አይቼ አውቃለሁ የሚል ድፍረት ነበረብኝ። ቀስ በቀስ ልማድ ሆነ። ጠዋት የመጡትን እለካለሁ፤ ከረፋድ በኋላ የመጡትን እጽፋለሁ። መቶ ዐሥር በሰባ። ሁሉም አንድ ዓይነት እንዳይሆን ደግሞ አልፎ አልፎ መቶ ሃያ በሰማንያ አደርግ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

እሷ የመጣችው በሁዳዴ ነው፤ የገበያ ቀን፣ ፀሐዩ ከበረታ በኋላ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ ስምንት ወሯን ይዛለች። የተዳረችው ከአዊ አገው ወገን ለሆነ ቤተሰብ ነበር፤ አማቷ አብራት መጥታ ከውጭ ጥላ ሥር ቀርታለች። ልጅቱ የላስቲክ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ በባዶ እግሯ ገባች።

“ጫማ አድርጉ ብለን ያስተማርነው ማንን ነው?” ብዬ ተቀበልኳት።

“አልገባ ብሎኝ ነው” አለች ቀስ ብላ።

አልገባ ያላት እግሯ አብጦ ነው። እኔ ጫማውን አየሁ እንጂ እግሯን አላየሁም። የእግር እብጠትማ ለነፍሰ ጡር የአደጋ ምልክት ነው ብዬ የማስተምረው እኔ ነበርኩ፤ ግድግዳዬ ላይ ሥዕሉ አለ።

“ሌላስ ምን አለሽ?”

“ራሴን ይፈልጠኛል። ዓይኔንም ያጭበረብረኛል።”

“ጾም ነዋ!” አልኳት። “ፀሐዩም አለበት። በዚህ ሆድሽ ጹሚ ያለሽ ማን ነው? የንስሐ አባትሽን ጠይቂ።”

አንገቷን ደፋች። ሆዷን ለካሁ፣ የፅንሱን ልብ አዳመጥኩ፤ ደኅና ይመታ ነበር። ከዚያ ካርዷን አስጠግቼ መቶ ዐሥር በሰባ ብዬ ጻፍኩ፤ መዝገቡም ላይ እንዲሁ። ቀና ስል ዓይኗ ከእኔ ራስ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ነበር። ምን እንደምታይ ዘወር ብዬ አላየሁም። “ደኅና ነሽ፤ የሚቀጥለው ወር ነይ” አልኳትና የሚቀጥለዋን ጠራሁ።

በአምስተኛው ቀን ቤቷ ወድቃ አንቀጠቀጣት። ጎረቤት ዛር ነው፣ ጠበል ትወሰድ ሲል፣ አማቷ አሻፈረኝ ብላ በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ አስወሰደቻት። አምቡላንስ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል አደረሳት። ልጁ ሞቶ ተወለደ። እሷ ሁለት ቀን ራሷን ሳታውቅ ቆይታ ነቃች። ወንድ ነበር አሉ።

የተቀበላት ሐኪም ካርዷን አይቶ ስልክ ደወለልኝ። ወጣት ነው፤ ድምፁ አልተቆጣም። “ሲስተር፣ ከአምስት ቀን በፊት መቶ ዐሥር በሰባ የሚል አለ። እዚህ ስትደርስ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህን የለካሽው አንቺ ነሽ?”

“አዎ፣ እኔ ነኝ” አልኩት።

እስከዚያ ድረስ ውሸቴ በቀለም ብቻ ነበር። ያን ቀን ከአፌ ወጣ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ክፍሌ ተመለስኩና የሚቀጥለዋን እናት ለካሁ፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወዲያ ሳልለካ የጻፍኩት አንድም የለም። ግን ምን ይጠቅማታል?

የባሏ አባት ቡሬ ወርደው ራፖር ጸሐፊ ዘንድ አቤቱታ አስጻፉ፤ “ሐኪሟ ደኅና ነሽ ብላ መልሳብናለች” የሚል። ሆስፒታሉም እንዲጣራ ጻፈ። ነገሩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሄደ። ከሥራ መሰናበትም፣ ፈቃድ መነጠቅም አለ ተባለ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ የማውቀው ይህን ሥራ ብቻ ነው፤ እንቅልፍ አጣሁ፣ ምግብ አልወርድ አለኝ። ፍርሃቴ ግን ስለ እንጀራዬ ነበር። ስለ ልጅቱ ያን ያህል አላለቀስኩም። ይህንንም መናገር አለብኝ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የተቃረቡ፣ ሰው መጉዳት የማይወዱ ሰው ናቸው። ካርዱን ፊታቸው አስቀምጠው ብዙ ጊዜ መነጽራቸውን ጠረጉ።

“ልጄ” አሉኝ፣ “መቼም መሣሪያው አሮጌ ነው ሲባል እሰማለሁ። ምናልባት እሱ አሳስቶሽ ይሆን?”

በር ከፍተው ቆሙልኝ። ያቺ “ምናልባት” ቤት ታክላለች። እውነት ነው፣ መንፊያው ጎማ በስተጠርዙ ትንሽ ተሰንጥቋል፤ ጠበቅ አድርጎ ለያዘው ግን ምንም አይል። ጠዋት ጠዋት የምለካበት እሱ ነው።

“ያፈሳል” አልኩ።

የሁሉም ፊት ፈታ አለ። አንደኛው ወዲያው መጻፍ ጀመረ። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ አዲስ መሣሪያ እንዲገዛ ከዚህ በፊትም ጠይቀን ነበር አለ። ከዚያ በኋላ የቀረው ሽምግልና ነበር። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን፤ ለስድስት ወር ከእናቶች ትራቅ፤ ከተጎጂ ቤተሰብ ጋር በአገር ባህል ትታረቅ፤ እነሱም አቤቱታቸውን ያንሡ። “ትስማሚያለሽ?” አሉኝ። ተስማማሁ። የልጅቱ አማት፣ ሽማግሌው፣ ከውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ተጠርተው ነገሩ ተነገራቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ “እንግዲህ ብረት ምን ያውቃል” አሉና በጣታቸው አተሙ። ልጅቱን ማንም አልጠራትም። እሷን መጥራት ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

መለኪያው ላይ “ከአገልግሎት ውጪ” የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ከጉድ የሚቆጠረው ይህ ነው። አዲሱ እስኪመጣ ሁለት ወር ከምናምን ሆነ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚለካ ስለሌለ እናቶች ወደ ቡሬ ይላኩ ነበር። እኔ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጬ ካርዳቸውን እያወጣሁ እሰጣለሁ፤ ከዚያ ሲመለሱ አያለሁ። ከሁለት ሰዓት መንገድ የመጣች እርጉዝ ሴት እንደገና ቡሬ ሂጂ ስትባል ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። አንዳንዷ ትሄዳለች። አንዳንዷ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ደኅናው መለኪያ ከእነሱ ሃያ እርምጃ ርቆ ተቆልፎበታል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ኃላፊውን “ያ ዕቃ እኮ ይሠራል” አልኩት። ዙሪያውን ተመለከተና “አፍሽን ዝጊ፤ የተጻፈውን ልታፈርሺ ነው?” አለኝ። ዘጋሁ። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ።

እርቁ በሰኔ ሆነ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ጽድ ሥር። ያገራችን ወግ ይታወቃል፤ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ያጎነብሳል፣ ጥፋቱን ይናገራል፣ ተበዳይ ይቅር ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። አንዱ ሽማግሌ ድንጋይ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ሌላኛው ከለከለው። “ኧረ እሱን ተወው! የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ይችን ትንሿን ስጣት” አለ። ተሰጠኝ። በአንድ እጅ የምትያዝ ድንጋይ ናት። ማጀራቴ ላይ አድርጌ አጎነበስኩ። ያኔም ቢሆን ዕድል ነበረኝ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ከሥር የሚታየኝ ጭቃና የሰው እግር ብቻ ነው። “ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ፤ ተናገሪ እንግዲህ ልጄ” አሉኝ።

“በመሣሪያው ስሕተት ለደረሰባችሁ ሐዘን ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ” አልኩ። የኮሚቴውን ቃል ቃል በቃል።

“ይቅር ለእግዚአብሔር” አሉ አማቷ ሽማግሌው። ድንጋዩን አወረዱልኝ። ቀና ስል ልጅቱን ከሴቶቹ መካከል አየኋት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ፣ ቀኝ እጇን ግራ ክንዷ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ በርዷት መሰለኝ። ትክ ብላ ታየኛለች።

“አንቺስ?” አላት አንደኛው ሽማግሌ።

“አባቴ ይቅር ካሉ እኔ ምን እላለሁ” አለች።

ከዚያ ቤታቸው ሄደን አንድ ላይ ተበላ፤ እርቅ ያለ ምግብ አይጸናም። ውኃ ይዛ የመጣችው እሷ ናት። እያንዳንዳችንን አስታጠበች። እኔ ዘንድ ስትደርስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ውኃውን ሳትቸኩል፣ ሳታንጠባጥብ እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ።

ስድስት ወሬን ጨርሼ ወደ እናቶች ክፍል ተመለስኩ። አዲስ መለኪያ መጥቷል፤ ከጀርባዬ አንሥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አደረግሁት። ምላሴም ረገብ ብሏል፤ “ሲስተር ምን ነካት፣ ታማለች እንዴ?” ይባባሉ ነበር። ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ልጅቱን ሰልፉ ላይ አየኋት። እርጉዝ ናት። ሌላዋን አዋላጅ መጥታ እንድታያት ጠራኋት፤ ልጅቱ ግን “ሲስተርን እጠብቃለሁ” ብላ ከቦታዋ አልነቃነቅም አለች። ለምን ወደ ቡሬ እንዳልሄደች አልገባኝም። ከዚያ በኋላ በየወሩ መጣች። ተቀምጣ፣ እኔ ሳልነግራት እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች። እለካለሁ፤ ቁጥሩን እነግራታለሁ፤ ሽንቷን አስመረምራለሁ፤ እግሯን ጎንበስ ብዬ በጣቴ ተጭኜ አያለሁ። ስለ ያ ነገር አንድም ቀን አላነሣች። የታረቀ ነገር አይነሣም።

ልባችሁ እንዳይሰቀል አስቀድሜ ልንገር፤ ልጇን በሰላም ወልዳለች። ሴት ናት፤ ያዋለድኳትም እኔ ነኝ። እኔ የምናገረው ከዚያ በፊት ስለሆነው ነው።

ስምንት ወሯን በያዘች ጊዜ አማቷ፣ ያቺ በቃሬዛ ያዳነቻት፣ እንደገና አብራት መጣች። በዚህ ጊዜ ግን ከውጭ አልቀረችም፤ እስከ ጠረጴዛዬ ገባች። መለኪያውን ጎንበስ ብላ አየችው።

“ያ ብረት ተሠራ ወይስ ይኼ ሌላ ነው?” አለችኝ።

“ሌላ ነው፣ እናቴ።”

“ተመስገን! እንዲያው እንደገና እንዳይከዳሽ ስሰጋ ነበር። አንቺማ ምን ታደርጊ! ያለ ኃጢአትሽ ስምሽን አጠፋብሽ” ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ። ለልጅቱ በአገውኛ የሆነ ነገር ነገረቻትና ወደ ውጭ ወጣች።

በቡጢ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። በሩን ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩ። ልጅቱ ክንዷን ዘርግታለች። ጨርቁን ጠመጠምኩ። መንፊያውን ያዝኩ፤ መጭመቅ ግን አቃተኝ።

“ያን ጊዜ” አልኩ፣ “መለኪያው አልተበላሸም ነበር።”

ዓይኗን ከመለኪያው ወደ እኔ መለሰች።

“ደኅና ነበር። ከግድግዳው አላወረድኩትም። ሰው በዝቶ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር… እሱ ምንም አይደለም። አልለካሁሽም። ከራሴ ነው የጻፍኩት።”

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። የምትጮኽ፣ አማቷን የምትጠራ መስሎኝ ነበር። ተዘጋጅቼለት ነበር፤ እንዲያውም ሳልፈልገው አልቀረሁም።

“አውቃለሁ” አለች። “ክንዴ እኮ ነው፣ ሲስተር።”

በአገጯ ወደ መለኪያው አመለከተችኝ።

“መጀመሪያ የመጣሁ ለት አስረውልኝ ነበር። ጥብቅ ሲል፣ ከዚያ ሲለቅ አውቀዋለሁ። ያን ለት እያየሁት ተሰቅሎ ቀረ። እኔም ለእኔ አያስፈልገኝ ይሆናል አልኩ።”

ሐኪሙን ፈርቼ ነበር። ኮሚቴውን፣ ሽማግሎቹን፣ ቄሱን፣ ባልደረቦቼን ፈርቼ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ እሷ ታውቃለች ብዬ አንዲት ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም። መለካቷንና አለመለካቷን ከእኔ ሌላ የምታውቅ ብቸኛ ሰው እሷ ሆና ሳለ፣ እንደሚያውቅ ሰው አልቆጠርኳትም። ከውሸቱ ይልቅ ይህ ነው አሁን ድረስ የሚያሳፍረኝ።

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?” አልኳት።

“ማን ጠየቀኝ?” አለች። ቁጣ የለበትም። “ድንጋዩን ተሸክመው ሲያጎነብሱ፣ አሁን ይሉታል ብዬ ጠበቅሁ። ብረቱን ሲሉ ጊዜ፣ እንግዲህ እስቲ ሌላ ቀን ይሉት ይሆናል አልኩ። እጅ ሳስታጥብዎም ጠበቅሁ። በየወሩ ስመጣም…”

“ይቅር በይኝ” አልኳት። ድንጋይ የለም፣ ሽማግሌ የለም።

ይቅር ለእግዚአብሔር አላለችም። ይህን ሁሉ ዘመን የተጠመጠመ ይመስል ወደ ክንዷ ተመለከተች።

“ይንፉት እንጂ” አለችኝ። “ከውጭ ሰው ይጠብቃል።”

ነፋሁ። አዳመጥኩ። ዓይኔን እንባ ስለጋረደው ቁጥሩን ለማየት ጎንበስ አልኩ። መቶ ዐሥር በሰባ ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም፣ መቶ ዐሥር በሰባ። ጮክ ብዬ ነገርኳት።

ክንዷን ከጠረጴዛው ላይ አላነሣችም።

“እስቲ ይድገሙት” አለች።

ደገምሁት።